የነጭ አባይ ልጅ በጣና ዳር

ዓርብ፣ ኅዳር 12 ቀን 2012 ዓ.ም.

ጓደኛዬ ዩጋንዳዊ ነው፤ ትውልዱ ጂንጃ። ጂንጃ ነጭ አባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ተለይቶ ጉዞውን የሚጀምርባት ከተማ ናት። እንግሊዛዊው ጆን ስፒክ እ.ኤ.አ. በ1862 ወንዙ ከሐይቁ ሲወጣ ያየው እዚያ ነው፤ ጓደኛዬም ያደገው በዚያው ዳርቻ እየተጫወተ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የውሃ ምህንድስና ሊማር ከመጣ ጀምሮ ሌላ ጉብኝት አልጠየቀኝም። ላሊበላም፣ አክሱምም፣ ጎንደርም በኋላ ይደርሳሉ ባይ ነው። መጀመሪያ ማየት የፈለገው ጥቁር አባይ ከጣና የሚወጣበትን ቦታ ነበር። ዓርብም ሰኞም ክፍል የማይኖረን ሳምንት ሲገኝ የአውቶቡስ ትኬት ቆረጥን።

ከአዲስ አበባ የወጣነው ገና ሳይነጋ ነው። ዕለቱ ኅዳር ሚካኤል ስለነበር በየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠርጎ፣ ተከምሮ ይጤሳል። እንጦጦን እስክናልፍ ጭሱ አልለቀቀንም። ጓደኛዬ ከተማው የተቃጠለ መስሎት በመስኮቱ አንገቱን አሰገገ። ኅዳር ሲታጠን መሆኑን፣ ልማዱም በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን በፈጀ ጊዜ እንደተጀመረ ነገርኩት። ያ በሽታ በዓለም ዙሪያ ሚሊዮኖችን የጨረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነው ስለው ከመቶ ዓመት በኋላ አሁንም የሚታጠን ከተማ መኖሩ ገርሞት ጭሱን እያየ ቀረ።

ከእኛ አጠገብ ነጠላቸውን የተከናነቡ እናት ተቀምጠዋል። ወሬያችንን በጭላንጭል ሰምተው ኖሮ ወደ ጓደኛዬ ዘወር አሉና በአማርኛ «አያቴን የወሰዳት እሱ በሽታ ነው ልጄ፤ እናቴን ጡት ሳትጥል ነው ጥላት የሞተች» አሉት። አማርኛ እንደማይሰማ ስነግራቸው አላመኑኝም። መልኩን አይተው የእኛው ልጅ ነው ብለዋል። ከዚያ ወዲያ ግን ሰማም አልሰማም እያወሩለት፣ ከከረጢታቸው ዳቦ ቆሎ እየዘገኑ መዳፉ ላይ እያስቀመጡለት እስከ ደብረ ማርቆስ ሄዱ። ሲወርዱ ግንባሩን ስመው ነው የተለዩት።

የአባይን በረሃ የሚረሳው ያለ አይመስለኝም። ጎሐ ጽዮን ላይ ደጋው ድንገት ያልቅና መንገዱ እየተጠማዘዘ ከአንድ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት ይወርዳል። ታች በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ ከአሮጌው ጎን ቆሟል። ሙቀቱ ሌላ አገር የገባን ያስመስላል። ጓደኛዬ ውሃውን ቁልቁል እያየ ስሌቱን ጀመረ፤ የሚማረው ነውና አይቻለውም። አባይ ከጣና ይዞት የሚነሳው ውሃ ሱዳን ድንበር ላይ ከሚደርሰው ከ10 በመቶ በታች ነው። ሌላውን የሚሞሉት በሽሎ፣ ጀማ፣ ሙገር፣ ጉደር፣ ዴዴሳ፣ ዳቡስ፣ በለስና ሌሎች ገባሮቹ ናቸው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አባይን የጣና አድርጌ ብቻ ነበር የማስበው። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋና ከወለጋ እየተዋጣ የሚሞላ ወንዝ መሆኑን እዚያ በረሃ ላይ ከአንድ የጂንጃ ልጅ አፍ መስማት ደስ አለኝ።

ከደጀን በላይ ያለው የጎጃም ሜዳ በዚያ ሰሞን ጤፍ የደረሰበት ነው። የቀረውን መንገድ በእንቅልፍ አሳለፍነው።

ባሕር ዳር የገባነው ወደ 10 ሰዓት ገደማ ነው። በዘንባባ የተከበበው ሰፊ መንገድ፣ ከሐይቁ የሚመጣው ለስላሳ ነፋስ፣ ግር ብለው የሚፈሱ ባጃጆች። የያዘን የባጃጅ ሹፌር ገና ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ወጣት ነው። የአልጋ ቤቱን ስም ስነግረው «እዚያ ሌሊት ሙዚቃ አያስተኛችሁም፤ እንግዳ ይዘሃል» ብሎ ሌላ ጸጥ ያለ ቤት ወሰደን፤ ዋጋውንም ራሱ ተነጋግሮ አስቀነሰልን። ስልኩን ሰጥቶን «ከእንግዲህ የትም ስትሄዱ እኔ ነኝ የማደርሳችሁ» ብሎ ሄደ። ማታ ሐይቁ ዳር እኔ ዓርብ ስለሆነ ሽሮዬን፣ እሱ የተጠበሰ ቀረሶውን በላን። ቪክቶሪያ ላይም የሚጠመድ ዓሣ ነውና አጥንቱን እንዴት እንደሚለይ ማንም ማሳየት አላስፈለገውም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወደቡ ደረስን። ከደብረ ታቦር የመጡ መምህራን ጀልባ ሊከራዩ ሲነጋገሩ አገኘናቸውና ተዳብለን ተሳፈርን። የጀልባው ባለቤት አምሳዎቹን ያለፉ፣ ፀሐይና ውሃ ፊታቸውን ያጠቆረው ሰው ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። ጓደኛዬን ከየት እንደመጣ ጠየቁኝ። ነጭ አባይ ከሐይቅ ከሚወጣበት ከተማ ነው ስላቸው ሞተሩን ለማስነሳት የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡና ትኩር ብለው አዩት። «እውነት? እንግዲያስ ከኋላ አይቀመጥም፤ ና እኔ ጋ» ብለው መሪው አጠገብ አስቀመጡት።

ጣና ሰፊ ነው፤ ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ። እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታው ግን 15 ሜትር ገደማ ነው። ቪክቶሪያ በስፋት ሃያ ጊዜ ያህል ይበልጠዋል። ጓደኛዬ ግን አንድ ጊዜም ሲያወዳድር አልሰማሁትም። ያየው የነበረው ደንገሉን ነው። ዳር ዳሩን ቁመቱ ከሰው በላይ የሆነ ደንገል ሲወዛወዝ፣ በመካከሉ ታንኳ የሚቀዝፉ ዓሣ አስጋሪዎች ብቅ ጥልቅ ሲሉ ዓይኑን አልነቀለም። ጋሼ ይህን አይተው ሁለት የነገደ ወይጦ ሰዎች ታንኳ የሚሠሩበት ዳርቻ ላይ ጠጋ አደረጉን። የደረቀው ደንገል በእቅፍ በእቅፍ ተደርድሮ በልጥ ይጠፈራል፤ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል። አንድ የተጠናቀቀ ታንኳ በቁሙ ፀሐይ ላይ ተደግፎ ነበር። ከውሃ ሲወጣ እንዲህ እየቆመ ካልደረቀ ውሃ እየጠጣ ይከብድና ዕድሜው ያጥራል። ሽማግሌው ሠሪ አንድ ዘለላ ደንገል ለጓደኛዬ አቀበሉት። እሱም አጠፈው፣ ቀለበሰው፣ በጥፍሩ ላጠው፤ በአገሩ ከዚሁ ተክል ምንጣፍ እንደሚሠሩ ነገራቸው። ሽማግሌው ስተረጉምላቸው ሰምተው ገመዱን ሰጡትና አንዱን ዙር እሱ እንዲጠፍር አደረጉት። ቋጠሮውን ፈትተው ያርሙታል ብዬ ስጠብቅ ላዩ ላይ ቀጠሉበት። ያ ታንኳ አሁን የጂንጃ ልጅ እጅ ያረፈበት ሆኖ ጣና ላይ እየተንሳፈፈ ነው።

መንገድ ላይ ወሬው እምቦጭ ላይ ወደቀ። ጋሼ ስለ እሱ ሲናገሩ ድምፃቸው ይለወጣል። አረሙ ያየለው በሰሜንና በምሥራቅ በኩል በደንቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ነው፤ እሳቸው ግን ወደ ደቡቡ መምጣቱ አይቀርም እያሉ ሌሊት ሌሊት ያስባሉ። ገበሬው በእጁ እየነቀለ እንዴት ይዘልቃል ይላሉ። ጓደኛዬ ይህን ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቪክቶሪያ በዚሁ አረም ተሸፍኖ መርከብ ከወደብ መውጣት አቅቶት ነበር። አባቱ ያን ጊዜ ዓሣ ያጠምድ ነበርና መረቡ ከአረሙ ጋር ሲወጣ፣ ጀልባው ዳር ላይ ሲታሰር በቤተሰቡ ታሪክ ሰምቶ አድጓል። አረሙን ቅጠሉን እየበሉ የሚያደክሙ ጥቃቅን ጢንዚዛዎች ተራብተው ተለቀቁ፤ በማሽንም ታጨደ፤ የአየሩም ጠባይ አግዞ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሐይቁ ተነፈሰ። ጋሼ ሞተሩን አቀዝቅዘው ጥያቄ በጥያቄ አደረጉት፤ ጢንዚዛው ሰብል አይበላም ወይ፣ ማነው የሚያረባው፣ ስንት ዓመት ፈጀ፣ ተመልሶስ አልመጣም ወይ። የመጨረሻውን ሲመልስ ጓደኛዬ አልሸሸገም፤ ይመለሳል፣ ስለዚህ መዘናጋት የለም አላቸው። መምህራኑም ገቡበት። ለአንድ ሰዓት ያህል ጀልባችን ስብሰባ ነበር።

ዘጌ ስንደርስ ጫካው እስከ ውሃው ድረስ ወርዶ ተቀበለን። የዘጌ ቡና በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው የሚበቅለው፤ ጊዜው ደግሞ የለቀማ ነበርና ቀይ ፍሬው ቅርንጫፉን ተጭኖታል። በባሕረ ገብ ምድሩ በሬ ጠምዶ ማረስ በአበው ቃል የተከለከለ ነው፤ ጫካው ለዘመናት የቆየውም ለዚህ ነው። እህላቸውን የሚያገኙት ቡናቸውንና ጌሿቸውን ሸጠው ነው። ገዳሙን በ14ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሰባብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ ይባላል።

ኡራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ናት። ከላይ ጉልላቷ ላይ የሰጎን እንቁላል ተሰክቷል፤ ከደጅ ደግሞ ረጃጅም የድንጋይ ደወሎች በገመድ ተንጠልጥለዋል። ዲያቆኑ በትንሽ ድንጋይ መታ መታ ሲያደርጋቸው የብረት ያህል ጮሁ። ውስጥ ገብተን መቅደሱን ስንዞር ግን ሁላችንም ዝም አልን። አራቱም ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ፣ ሰማዕታቱ፣ የእመቤታችን ተአምራት። ጓደኛዬ የቆመው በላዔ ሰብእ ላይ ነው። ታሪኩን ዲያቆኑ ቀስ ብሎ ነገረው፤ 78 ነፍስ የበላ ሰው በመጨረሻ የዳነው በእመቤታችን ስም ለለመነው ለአንድ የተጠማ ሰው በሰጠው ጥርኝ ውሃ ነው። ሚዛኑ ላይ ነፍሶቹ በአንድ ወገን፣ ያቺ ጥርኝ ውሃ በሌላ ወገን ተቀመጡ፤ ውሃዋ ደፋች። ጓደኛዬ ካቶሊክ ነው። ይህን ታሪክ ሰምቶ አያውቅም። ሌሎቹ ወደ ዕቃ ቤቱ የነገሥታቱን ዘውድና የብራና መጻሕፍት ለማየት ሲሄዱ እሱ እዚያው ሥዕሉ ፊት ቀረ፤ እኔም አልጠራሁትም።

ወደ ጀልባው ስንመለስ ከመንገዱ ዳር አንዲት እማማ በግቢያቸው ሰሌን ላይ ቡና ያሰጣሉ። «እንደምን ዋላችሁ» አልናቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ኑ ግቡ፣ አቦሉ ሊወጣ ነው» አሉን። ጀልባው ይጠብቀናል ብል «ጀልባው ያለ ጋሼ አይሄድ፣ ጋሼም ያለ ቡና አይሄድ» ብለው ወደ ውስጥ አመለከቱን። እውነትም ጋሼ ቀድመውን ዱካ ላይ ተቀምጠዋል።

ቤቱ ጠባብ ነው፤ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጤሳል። እማማ ያን ዕለት ያዘጋጁት ቡና ከጓሯቸው የለቀሙት ነው። ከመቆላቱ በፊት ምጣዱ ላይ አፍስሰው በጣታቸው እያገላበጡ የተነቀዘውንና የተሰበረውን አንድ በአንድ ለቀሙ፤ ዓይናቸው የደከመ ስለሆነ ፍሬውን በጣታቸው ጫፍ ነው የሚያውቁት። ሲቆላ ጢሱን በእጃቸው ወደ ጓደኛዬ ገፉለት፤ እሱም እኛ እንደምናደርገው አጎንብሶ ሳበ። ከዚያ ሙቀጫው፣ ጀበናው፣ ንፍሮው፣ ወሬው።

አቦሉን ጠጥተን ቶናው እስኪፈላ ጓደኛዬ ከአያቴ የሰማሁትን ተርጉምላቸው አለኝ። አያቱ ከባጋንዳ ወገን ናቸው። እዚያ ቡና ለእንግዳ የሚሰጠው እንዲታኘክ ነው፤ ፍሬው ከነቅጠላ ቅጠሉ ተቀቅሎ ይደርቅና በትንሽ ቅርጫት ይቀርባል። ድሮ ደግሞ ሁለት ሰዎች ወንድማማች ሊሆኑ ሲፈልጉ አንድ የቡና ፍሬ ይከፈላል። ውስጡ ያሉትን ሁለቱን ፍሬዎች በደማቸው ነክተው አንዱ የሌላውን ይውጣል፤ ከዚያ በኋላ ልጆቻቸውም ቤተ ዘመድ ናቸው። እማማ ይህን ሲሰሙ ሲኒውን ረከቦቱ ላይ መለሱት። ከጉያቸው አንድ ቀይ እሸት ፍሬ አውጥተው በጥርሳቸው ሰበሩት፤ ሁለቱን ፍሬ በመዳፋቸው አቀረቡለት። «ደሙ ይቅር፤ ደም ጥሩ አይደለም። ቡናው ይበቃናል» አሉና አንዱን እሱን አጎርሰው ሌላውን ራሳቸው አኘኩ። ጥሬ ቡና ነው፤ ይመራል። ጓደኛዬ ግን ፊቱን አላጨማደደም። ጋሼ «በቃ፣ ዘመድ ሆናችኋል፤ እኔ ምስክር ነኝ» ብለው እጃቸውን አነሱ።

በረካው ከተጠጣ በኋላ እማማ «እናትህ አለች?» አሉት። አለች። «ስንት ወለደች?» አምስት። «አንተ ስንተኛ ነህ?» መጨረሻ። ያን ጊዜ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡና በጣሳ የተሰፈረ ጀንፈል በጨርቅ ቋጥረው መጡ። «ለእናትህ። የመጨረሻ ልጇን ሰው አገር ልካ እንቅልፍ የላትም።» ጓደኛዬ ኪሱ ሲገባ እጁን ያዙት፤ «ለእሷ የሰጠሁትን አንተ ትከፍላለህ እንዴ? እሱ የኔና የእሷ ነው።» እኔ ይህን ስተረጉም ድምፄ ልክ አልነበረም።

ስንመለስ ጋሼ ሳንጠይቃቸው ወደ አባይ መውጫ አዞሩ። ሐይቁ እየጠበበ፣ ውሃው ሳይታወቅ መጓዝ ይጀምራል። ደንገሉ ሥር የሁለት ጉማሬዎች ጆሮና ዓይን ብቻ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1996 የተጠናቀቀው የጨረጨራ ግድብ በር የሐይቁን ውሃ ይመጥነዋል። በጂንጃም እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የኦወን ፏፏቴ ግድብ እንዲሁ ያደርጋል። ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ እጁን ውሃው ውስጥ ከተተ። ጋሼ ጉማሬውን እያዩ «ቶሎ በል ልጄ» አሉት እንጂ አልከለከሉትም።

ማታ ጋሼ ሽምብጥ ካለው ቤታቸው ጠሩን። የገና ጾም ደጃፍ ላይ ስለነበርን ዶሮ ታርዷል፤ ጎረቤቱ ሁሉ መጥቷል። የጋሼ ባለቤት ገና ሳንቀመጥ ያጎረሱን ጀመር። ጠላው የዳጉሳ ነው። ጓደኛዬ ገና ሲያሸተው አወቀው፤ ዳጉሳ በእነሱም አገር ገንፎ ይሆናል፣ ጠላም ይጠመቃል። ጌሾው ደግሞ የዘጌ መሆኑን የጋሼ ባለቤት ነገሩን። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጃቸው እንግዳው ከየት እንደሆነ በደንብ ይገባት ዘንድ ደብተሯን አመጣች። እሱም በእርሳስ ቪክቶሪያን ሣለ፤ ከላይ ጣናን ሣለ፤ ሁለቱን ወንዞች እያጠማዘዘ አውርዶ ካርቱም ላይ አገናኛቸው። ልጅቷ የአገሮቹን ስም እየጠየቀች በአማርኛ ጻፈችበት። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ደብተሩን ረጅም ጊዜ ያዙ። «እንዲህ ከሆነማ» አሉ፣ «እኔ ዛሬ ያየሁት ውሃና አባትህ ያየው ውሃ እዚህች ጋ ይገናኛሉ። ታዲያ ምን እንግዳ ነህ?» ደብተሩን ለጎረቤቶቹ አዞሩት። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ጓደኛዬን እንግዳ ያለው ሰው የለም።

እሁድ፣ ኅዳር 14

ጠዋት ቅዱስ ጊዮርጊስ አስቀደስን። በግቢው ያለውን አሮጌ የድንጋይ ሕንጻ አየን፤ የስፔኑ ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ እንደሠራው ይነገራል። ብዙም አልቆየንም፤ የባጃጁ ወንድማችን መናኸሪያ ሊያደርሰን ደጅ ቆሞ ነበር። ወደ ጢስ አባይ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ወንበር ይዞልን፣ ረዳቱን «አደራ፣ ሲመለሱ አስቀምጣቸው» ብሎ ተሰናበተን።

ጢስ አባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከከተማው ወጥተን በእግር ወደ አላታ ድልድይ ወረድን። ድልድዩ የተሠራው በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። ሥሩ አባይ በጠባብ አለት መካከል ይጮኻል። ገበሬዎች ዛሬም አህያቸውን ጭነው ይሻገሩበታል። አንድ ሸንኮራ የተሸከመ ገበሬ ሲያልፍ ቆም ብሎ «ደክሟችኋል» አለና ከሸክሙ አንዱን አገዳ መዞ በማጭዱ ለሁለት ቆርጦ ሰጠን። ስሙንም አልጠየቅነው፤ አመስግነን ሳንጨርስ ሽቅብ ወጥቷል።

ፏፏቴው ከመታየቱ በፊት ይሰማል፤ ከዚያ ደግሞ ጠሉ ፊት ላይ ያርፋል። ከፍታው 45 ሜትር ገደማ ነው። ከውሃው ብዙው በመብራት ማመንጫዎች በኩል ስለሚያልፍ የድሮ ሰዎች የሚያወሩለት ስፋቱ የለም። ይህን ለጓደኛዬ አስቀድሜ ነግሬው ስለነበር ይከፋዋል ብዬ ሰግቼ ነበር። ግን ያን ቀን የነበረውም ውሃ አለቱን ሸፍኖ፣ ጢሱን አንሥቶ፣ ቀስተ ደመናውን ዘርግቶ ነው የጠበቀን። አገሩ ላይ ስፒክ ያየው የሪፖን ፏፏቴ ግድቡ ሲሠራ ውሃ ውስጥ ቀርቷል። «እኛ ጋ የተረፈ የለም» አለኝ፣ «እናንተ ግማሹንም ቢሆን ይዛችኋል፤ ጠብቁት።» እኔ በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። መብራቱ ያስፈልገናል፤ ግን ቢያንስ በበዓላትና በእረፍት ቀናት ፏፏቴው በሙሉ ጉልበቱ እንዲወርድ ቢደረግ ከእሱ የሚኖረው የአካባቢው ሰው ይጠቀማል።

ከፏፏቴው ፊት ለፊት ቡና የሚያፈሉ እህት አሉ። ተቀምጠን ስናወራ ከመቀነታቸው አንድ ያረጀ የ1 ብር ኖት ፈትተው አወጡና ለጓደኛዬ ዘረጉለት። በጀርባው ያለው ሥዕል ይኸው ፏፏቴ ነው። ኖቱን በአንድ እጃቸው ወደ ውሃው አንሥተው ልክ በሥዕሉ ማዕዘን እንዲያይ አጠገባቸው አቆሙት። አንድ እረኛ ልጅ ዋሽንቱን ይዞ መጣ፤ ሲነፋ ከፏፏቴው ድምፅ ጋር እየታገለ ነው፤ ጥቂት ቆይቶ ዋሽንቱን ለጓደኛዬ ሰጠው። እሱ ቢነፋው አልጮኸለትም። ልጁ ከጎኑ ቁጭ ብሎ ጣቶቹን አንድ በአንድ ቀዳዳዎቹ ላይ እያስቀመጠ አስተማረው፤ በመጨረሻ አንድ ድምፅ ሲወጣ ቡና የሚያፈሉት እህት እልል አሉ።

ማታ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ሆነን ጀንበር ስትጠልቅ አየን። አባይ ከሐይቁ ወጥቶ ከተማውን ከፍሎ ሲሄድ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይታያል።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

የመልስ አውቶቡስ ከለሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው የሚነሣው። የባጃጁ ወንድማችን ሳንጠራው መጥቶ ቆሟል፤ አጠገቡ የጋሼ ልጅ በጨርቅ የተጠቀለለ ትኩስ ድፎ ዳቦ ታቅፋ ተቀምጣለች። እናቷ ጾም ስለገባ ሥጋ እንዳልላኩ፣ ይቅርታ እንድትጠይቅልን አዘዋታል። ሒሳብ ስንከፍል ባጃጁ የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ተቀብሎ የቀረውን መለሰልን። ተከራከርኩት። «አንተ አዲስ አበባ ስመጣ ትወስደኛለህ፤ እሱ ደግሞ ጂንጃ» አለ። ተስማማን። ዳቦው ለአውቶቡሱ ግማሽ ያህል ተሳፋሪ ደርሷል።

ጀንፈሉ ጂንጃ የደረሰው ለፈረንጆች ገና አገሩ በገባ አንድ የዶርም ልጅ እጅ ነው። የጓደኛዬ እናት ከጀርባ ያለውን ታሪክ በስልክ ሰምተው ቡናውን ለጎረቤቶቻቸው ሁሉ አቅምሰዋል። የዶርሙ ልጅ ሲመለስ የእሳቸውን መልስ ይዞ መጣ፤ ተቀቅሎ የደረቀ ቡና፣ በሙዝ ልጥ የተጠቀለለ፣ ለዘጌዋ እማማ። ጓደኛዬ ፈተና ስላለበት እኔ ነኝ የማደርሰው። ለጋሼ ደውዬላቸዋለሁ፤ ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ወደቡ ላይ ይጠብቁኛል።